የማያርመው ጸሐፊ፦ ስለ ቫይረሶች ገልባጭ ኢንዛይም መልክና ግብር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ እጅ ነው። ይህ እጅ ሥጋና አጥንት የሌለው፣ በዓይን ይቅርና በየሐኪም ቤቱ ደምና አክታ በሚመረመርበት ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ሲሆን፣ መዳፍና ጣቶች አውራ ጣትም ግን አሉት፤ ሥራውም መጻፍ ብቻ ነው። የሕፃናትን እግር የሚያሰንፈው የልጅነት ልምሻ፣ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰውን የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ በእኛም ዘመን መላውን ዓለም በየቤቱ ዘግቶ ያስቀመጠው ኮሮና፣ ሁሉም በዚህ እጅ ጽሕፈት የተባዙ ናቸው። ሊቃውንቱ «ከአር ኤን ኤ ላይ አር ኤን ኤን የሚሠራ ፖሊመሬዝ» ብለው ይጠሩታል፤ እኛ ግን ለአፍም ለጆሮም እንዲቀል ዛሬ ማታ «ጸሐፊው ኢንዛይም» እንበለው። «ዓ.ም.» ካላልሁ በስተቀር ከእንግዲህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የሕዋሳችንን የቤት ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕዋሳችን የዘር ቃሉን በዲ ኤን ኤ ጽፎ፣ ክቡር መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንደሚጠበቅ አድርጎ በአስኳሉ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሥራ በሚኖርበትም ጊዜ ከዚያ መጽሐፍ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ አር ኤን ኤ በሚባል አላፊ ቅጠል ላይ አስጽፎ ከአስኳሉ ውጭ ይልካል፤ ራይቦዞም የሚባሉት ፕሮቲን ሠሪዎችም ቅጠሉን እያነበቡ የታዘዘውን ይሠራሉ፤ ቅጠሉም አገልግሎቱን ሲፈጽም ይቀደዳል። የልጅነት ልምሻን የሚያመጣው የፖሊዮ ቫይረስ ግን ዲ ኤን ኤ የሚባል ነገር ከቶ የለውም፤ ሀብቱም ርስቱም 7,500 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ የአር ኤን ኤ ክር ነው። ይህ ክር ወደ ሕዋሳችን በገባ ጊዜ ራይቦዞሞቹ የባዕድ መሆኑን ሳይለዩ ያነቡለታል፤ ሊገለብጡለት ግን አይችሉም፤ የቫይረስን አር ኤን ኤ ከአር ኤን ኤ ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ በቤቱ የለምና። ስለዚህም ቫይረሱ፣ ምንም ያህል ድኃና ጥቂት ፊደል ያለው ቢሆን፣ ከጥቂት ሀብቱ ውስጥ ትልቅ ክፍል ለራሱ ጸሐፊ መሥሪያ ማዋል ግድ ሆነበት።

ይህም በሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። የፖሊዮ ቫይረስ ክር በቀጥታ የሚነበብ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊውን የምትሠራለት ያው የምትጠቃው ሕዋስ ናት። የኩፍኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የኢቦላ፣ እንዲሁም በክፉ ቀን ዘመን የሀገራችንን ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ ያስቀረው የደስታ በሽታ ቫይረሶች ግን ክራቸው በማኅተም ላይ ተገልብጦ እንደ ተቀረጸ ፊደል ነው፤ ራይቦዞም ሊያነበው አይችልም፤ በመጀመሪያ መታተም አለበት። እነዚህ እንግዲህ ጸሐፊያቸውን በጉያቸው ይዘው ካልገቡ በስተቀር የገቡበት ቤት ሁሉ ዝግ ነው።

ይህ ጸሐፊ የታወቀበት ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ዴቪድ ባልቲሞር የተባለ ገና በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ከሪቻርድ ፍራንክሊን ጋር ሆኖ፣ ሜንጎ በሚባል የፖሊዮ ዘመድ በሆነ ቫይረስ የተያዙ የአይጥ ሕዋሳትን ይመረምር ነበር። አር ኤን ኤ ከዲ ኤን ኤ ላይ ብቻ ይጻፋል በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ እነዚህ ሰዎች በተያዙት ሕዋሳት ውስጥ፣ ያውም ከአስኳሉ ውጭ፣ ዲ ኤን ኤን ሳይጠይቅ አር ኤን ኤ የሚሠራ አዲስ ኢንዛይም አገኙ፤ አክቲኖማይሲን ዲ የተባለው፣ ከዲ ኤን ኤ ላይ የሚደረገውን ጽሕፈት ሁሉ የሚያግድ መድኃኒት ይህን ጸሐፊ አላገደውም። በ1965 ደግሞ ሶል ስፒግልማንና ባልደረቦቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃውን፣ ኪው ቤታ የሚባለውን ቫይረስ ጸሐፊ አጥርተው አውጥተው፣ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ከአንድ ክርና ከጥሬ ፊደላት ጋር ቢያስቀምጡት፣ ባክቴሪያን ለማጥቃት ሙሉ ኃይል ያለው አዲስ ክር ጽፎ ሰጣቸው። ሕይወት በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሕያው ነገርን የሚይዝ ቃል ተጻፈ ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

አሁን መልኩን እንመልከት። አድማጮቼ፣ ራዲዮ ሥዕል የለውምና ቀኝ እጃችሁን አንሡልኝ። መዳፋችሁን ወደ ፊታችሁ አዙሩ፤ የብርጭቆ ወገብ እንደ ያዘ ሰው ጣቶቻችሁን አጥፉ፤ የጣቶቻችሁም ጫፍ የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ይንካ። ከፊታችሁ ያለው ቀለበት፣ ዙሪያው የተዘጋ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ፣ የፖሊዮ ቫይረስ ጸሐፊ መልክ ነው። በ1997 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሃንሰን፣ አሌክሳንደር ሎንግና ስቲቭ ሹልትዝ የዚህን ኢንዛይም ብሉር አብጅተው በኤክስ ሬይ ባዩት ጊዜ፣ ጣቶች፣ መዳፍና አውራ ጣት ብለው የሚጠሯቸውን ሦስት ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ኢንዛይም ላይ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ የሌሎች ቫይረሶች ጸሐፊዎችም አንድ በአንድ ሲታዩ፣ ዘራቸው እጅግ የተራራቀ ቢሆንም፣ ሁሉም ያንኑ የቀኝ እጅ መልክ ይዘው ተገኙ። ዲ ኤን ኤን የሚገለብጡት ኢንዛይሞችም እጅ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የእነርሱ እጅ የተዘረጋ ነው፤ የአር ኤን ኤ ጸሐፊው ጣቶች ግን ከአውራ ጣቱ ጋር ተሳስረው ቀለበቱን ይዘጋሉ።

የፖሊዮው ጸሐፊ የ461 አሚኖ አሲዶች፣ የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች ማለት ነው፣ ሰንሰለት ሲሆን፣ ወደዚህ መልክ የሚጠመዘዘው በሥርዓት ነው። ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ገመድ አሠርቶ ኋላ የሚቈራርጣቸው ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው ከጎረቤቱ ተቈርጦ እስኪለይ ድረስ አይጽፍም። ሲቈረጥ ብቻ ከመነሻው ያለችው ግላይሲን የምትባል ትንሿ አሚኖ አሲድ ነፃ ወጥታ በጣቶቹ ሥር ወዳለች ጉድጓድ ገብታ ትቀበራለች፤ እርሷም ስትቀበር፣ የማዕዘን ድንጋይ በቦታው ሲገባ ግድግዳው እንደሚቀና፣ የመዳፉ ውስጥ ይቀናል።

ሥራው ሁሉ የሚፈጸመው በመዳፉ ላይ ነው። ሊገለበጥ የመጣው ክር፣ አብነቱ ማለት ነው፣ በጣቶቹ በኩል አልፎ ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ ጥሬዎቹ ፊደላት በእጁ ጀርባ ባለች ሌላ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ የተጻፈው ከአብነቱ ጋር ተጣምሮ በፊት በኩል ይወጣል። ፊደላቱ አራት ናቸው፤ ኤ ከዩ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። በመዳፉ መካከል አስፓርቲክ አሲድ የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ቆመዋል፤ ከእነርሱም ሁለቱ ከአንዲት ግላይሲን ጋር ተከታትለው ተሰልፈው፣ በእጅግ ብዙ የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ጸሐፊዎች ዘንድ ሳይለወጡ ይገኛሉ፤ በኮሮና ቫይረስ ግን ግላይሲኗ ቦታዋን ለሴሪን ለቅቃለች። እነዚህ አስፓርቲክ አሲዶች ሁለት የማግኒዥየም ቅንጣቶችን ጨብጠው ይይዛሉ። አንደኛው ማግኒዥየም ቀድሞ የተጻፈውን የመጨረሻ ፊደል ጫፍ ለጋብቻ ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው አዲሱ ፊደል ተሸክሞ የመጣቸውን ሦስት ፎስፌቶች አረጋግቶ ይይዛል፤ የመጨረሻውም ፊደል ጫፍ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ፎስፌት ሲይዘው ሁለቱ ተቈርጠው ይሄዳሉ፤ አዲሱም ፊደል ከክሩ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ክሩ አንድ ፊደል ያህል ይሳባል፤ ቀጣዩ ይገባል፤ ነገሩም እንዲሁ እየተደጋገመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአንዲት ሕዋስ ሺህ በሺህ የሚቈጠሩ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። ትክክለኛው ፊደል በገባ ጊዜ ጸሐፊው በመዳፉ ውስጥ ትንሽ ይጨብጣል፤ የተሳሳተ ፊደል ከገባ ግን ጭብጡ በደንብ አይዘጋም፤ ሥራውም ይዘገያል፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ የተሳሳተው ፊደል ብዙ ጊዜ ሸሽቶ ይወጣል። ስለዚህ የጽሕፈቱ ጥራት ከዚህች ከትንሿ ጭብጥ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ አጀማመሩም ጥቂት ልበል። ብዙ ጸሐፊ ብዕሩን የሚያሳርፍበት መነሻ ይፈልጋል። የፖሊዮ ቫይረስ ለዚህ 22 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሏትን ትንሽ ፕሮቲን አዘጋጅቷል፤ ጸሐፊው ሁለት የዩ ፊደላትን በእርሷ ላይ ይለጥፍና ከእርሷ ተነሥቶ ይጽፋል፤ አዲሱም ክር ይህችን ፕሮቲን በራሱ ላይ እንደ አክሊል ደፍቶ ይቀራል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ያለ ምንም መነሻ ከባዶ ይጀምራል። የኢንፍሉዌንዛ ነገር ግን ከሁሉ ይልቃል። ጸሐፊው ሦስት ፕሮቲኖች ተባብረው የሚሠሩት ሲሆን፣ አንደኛው የሕዋሳችንን የራሷን መልእክት በአናቱ በኩል ይይዛል፤ ሁለተኛው ከአናቱ ከ10 እስከ 13 የሚሆኑ ፊደላትን ጨምሮ ይቈርጠዋል፤ ሦስተኛው ያንን የተሰረቀ ቍራጭ መነሻ አድርጎ የቫይረሱን ቃል ይጽፍበታል። ስለዚህ የሕዋሱ ደብዳቤ ራስ አልባ ሆኖ ሲቀር፣ የሌባው ደብዳቤ በሕዋሱ ማኅተም ይነበባል። በኅዳር 12 ቀን ቈሻሻውን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ የቀረበት ያ የ1911 ዓ.ም. መቅሠፍት በመላው ዓለም ሲዞር በየሰው ሳንባ ይሠራ የነበረው እንዲህ ያለው ጸሐፊ ነበር። ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ በሐኪሞች ተጠብቆ ከቈየ የሳንባ ቍራጭና በአላስካ በረዶ ውስጥ ከተቀበረ አስከሬን የዚያን ቫይረስ ፊደላት ለቅመው፣ የጸሐፊውንም ዘረ መል ጨምረው፣ ንባቡን በ2005 ፈጽመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይህም ስሕተቱ ነው።

በልጅነቴ አንድ ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ አያቸው ነበር። መቃ ብዕራቸውን ሁለት ሦስት ቃል ጽፈው ያነሡና አብነቱን ያዩታል፤ የጻፉትንም ያዩታል፤ ተሳስተው እንደ ሆነ በጩቤ ጫፍ ቀለሙን ፍቀው ያርሙታል፤ መጽሐፉም ሲያልቅ ለሌላ ሊቅ ተሰጥቶ ቃል በቃል ይታረማል። የእኛም ሕዋስ ዲ ኤን ኤውን ሲገለብጥ እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚጽፈው ኢንዛይም ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፍቃል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሌሎች አራሚዎች ይመጣሉ፤ ስለዚህ ስሕተቱ ከቢሊዮን ፊደላት አንድ ያህል ብቻ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ጸሐፊ ግን ጩቤም አራሚም የለውም። የጻፈውን ጽፏል። ከ10,000 እስከ 100,000 በሚደርሱ ፊደላት መካከል አንዱን ይስታል፤ ክሩ 7,500 ያህል ፊደላት ያሉት እንደ መሆኑ መጠን፣ ከአንዲት ሕዋስ ከሚወጡት ግልባጮች ውስጥ ከአባታቸው በአንድ ፊደል የሚለዩት እጅግ ብዙ ናቸው። እንግዲህ በአንድ በታመመ ሕፃን አንጀት ውስጥ ያለው አንድ ቫይረስ አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚመሳሰል፣ ግን አንዱ ከሌላው በጥቂቱ የሚለይ ሠራዊት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ጸሐፊው ጎደሎ ነው ይል ይሆናል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ እል ነበር። በ2003 ግን ጁሊ ፋይፈርና ካርላ ኪርከጋርድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ምርመራ ይህን አስተሳሰብ ያናውጠዋል። ሪባቪሪን የተባለው መድኃኒት በአር ኤን ኤ ፊደላት መካከል ሰርጎ እየገባ ስሕተትን የሚያበዛ ነው፤ ስሕተቱም ሲበዛ ቃሉ ትርጕም ያጣና ቫይረሱ ይጠፋል። ሁለቱ ሊቃውንት የፖሊዮ ቫይረስን በዚህ መድኃኒት ውስጥ ደጋግመው ቢያሳልፉት፣ መድኃኒቱን ተቋቁሞ የሚኖር አንድ ወገን ብቅ አለ። የተለወጠው ከጸሐፊው 461 አሚኖ አሲዶች መካከል 64ኛው ብቻ ነበር፤ በግላይሲን ፈንታ ሴሪን ገብቷል፤ ቦታውም ፊደል ከሚጋባበት ከመዳፉ መካከል የራቀ፣ በጣቶቹ ላይ ነው። ይህች ከሩቅ የተደረገች ለውጥ የመዳፉን ጭብጥ ለውጣ ጸሐፊውን ጥንቁቅ አደረገችው፤ ስሕተቱም ቀነሰ።

የተሻለ ጸሐፊ ያገኘው ቫይረስ ግን አልተሻለም። በሕዋስ ማሳደጊያ ዕቃ ውስጥ እንደ ቀድሞው ሲራባ፣ የሰውን የፖሊዮ ተቀባይ እንዲይዙ የተደረጉ አይጦች ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። በ2006 ማርኮ ቪኙዚና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ፣ በራውል አንዲኖ ቤተ ሙከራ፣ ምክንያቱን አሳዩ፤ ጥንቁቁ ጸሐፊ የሚያወጣው ሠራዊት አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ ወደ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ያለውን የተለያየ መሰናክል የሚያልፍበት ልዩ ልዩ መልክ አጣ። በዚያው ቫይረስ ላይ ስሕተቱን በሰው ሠራሽ መንገድ ቢያበዙበት፣ ወደ አንጎል የመግባት ኃይሉ ተመለሰለት። ስለዚህ የጸሐፊው ስሕተት መጠን ያለው ነው፤ ከዚያ ቢበዛ ቃሉ ይፈርሳል፤ ቢያንስም ሠራዊቱ ይደነዝዛል። ያለ አራሚ የቀረውም ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ኑሮው በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ኮሮና አራሚ ስላለው ከዚህ ሥርዓት የወጣ ይመስላል፤ ክሩ ግን እጅግ ረጅም ነው። ከ30,000 በጥቂት የሚያንሱ ፊደላት አሉት፤ የፖሊዮን አራት እጥፍ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚጽፍ ጸሐፊ እንደ ፖሊዮው ቢስት ኖሮ ከእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ ብዙ ስሕተት ተቈልሎ በጠፋ ነበር፤ ስለዚህም ኮሮና አራሚ አስከትሏል፤ ከመጨረሻ የገባውን የተሳሳተ ፊደል እየፋቀ የሚያወጣ ሌላ ኢንዛይም። ጸሐፊውም ብቻውን አይሠራም፤ በ2020 መልኩ በታየ ጊዜ፣ ከግራና ከቀኝ እንደ ሁለት መቋሚያ የተዘረጉ ረዳት ፕሮቲኖች የሚወጣውን ጥምር ክር ደግፈው ይዘውት ተገኝተዋል።

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት መድኃኒት ወጥቷል። በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ሶፎስቡቪር፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተዳምሮ፣ ቀድሞ ለማዳን አስቸጋሪ የነበረውን የሄፓታይተስ ሲ ሕመም በጥቂት ወራት የሚያድን ሆኗል። ዘዴው ቀላል ነው፤ እውነተኛ ፊደል መስሎ ይገባል፤ ገብቶ ከተዋሐደ በኋላ ግን ቀጣዩ ፊደል የሚይዝበትን ጫፍ ስለሚከለክል ክሩ እዚያው ይቆማል። ለኮሮና የተሰጠው ሬምዴሲቪር ግን ይዘገያል፤ እርሱ ከገባ በኋላ ሦስት ፊደል እስኪጻፍ ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ ከጸሐፊው አንዲት ሴሪን ጋር ተጋጭቶ የክሩን መሳብ ያግዳል። ይህ መዘግየት የሚጠቅመውም ስለ አራሚው ነው፤ ከጫፉ ላይ የቀረን የሐሰት ፊደል አራሚው ይፍቀዋል፤ ሦስት ፊደል ውስጥ የገባውን ግን በቀላሉ አይደርስበትም።

የእኔን ልብ የበለጠ የሚነካው ግን በክትባት የተደረገው ነው። ጠብታ ሆኖ በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ክትባት ባልተዳረሰበት ሕዝብ መካከል ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከቈየ፣ ይኸው ጸሐፊ ሲስት ሲስት የቀድሞውን ክፉ ፊደል መልሶ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ዓይነት የዱር ፖሊዮ መጥፋቱ በ2015 ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከክትባቱ የተነሣው ይኸው ዓይነት ነው በአፍሪካ ብዙ አገሮች፣ ከ2019 ጀምሮም በሀገራችን፣ ልጆችን እንደገና ያሽመደመደው። ስለዚህ ሊቃውንቱ አዲስ ክትባት ሲቀርጹ፣ የሚያዳክሙትን ፊደላት እንዳይመለሱ አድርገው ካጸኑ በኋላ፣ ወደ ራሱ ወደ ጸሐፊው ዘረ መል ገቡ፤ 38ኛውንና 53ኛውን አሚኖ አሲድ ለወጡ። የመጀመሪያው ለውጥ ከሌላ ቫይረስ ክር ጋር እየተቀላቀለ የሚጽፈውን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ጥንቁቅ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ክትባት በኅዳር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቀደ፤ ከመጋቢት 2021 ጀምሮም በአፍሪካ መሰጠት ጀመረ፤ በኢትዮጵያም በየቤቱ እየዞሩ ለሕፃናት የሚያጠጡት ሰዎች ከእነዚህ ጠብታዎች ሰጥተዋል። ምናልባት ከእናንተ መካከል ልጇን አቅፋ በር ላይ የቆመች እናት፣ ሁለት ጠብታ በልጇ ምላስ ላይ ሲያርፍ ያየች ትኖራለች። በዚያች ጠብታ ውስጥ እጁ ጥቂት የተለወጠ፣ ከአባቶቹ ይልቅ ቃሉን እያየ የሚጽፍ ጸሐፊ ነበረ።